ቨርንና የድልድዩ እግሮች

በወንዝ ዳሯ መንደራችን በካራንጋ ስለ ባሌ ስለ ቨርን ትራንተር ብትጠይቁ ሁሉም የሚነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከድልድዩ ሥር ብሪም የተባለውን ዓሣ ማጥመድ እንደ እሱ የሚችልበት አልነበረም ይሏችኋል። እውነት ነው። ግን ቨርን ዕድሜውን የጨረሰው በሌላ ሥራ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ኦይስተር፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖረውን የሚበላ የባሕር እንስሳ፣ አርብቷል። እኔን ያገኘኝም በአባቱ ሼድ፣ ኦይስተሩ በሚዘጋጅበት መጋዘን ውስጥ ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቴ ትምህርቴን ትቼ እዚያ የኦይስተር ዛጎል በቢላ ስከፍት። ጠባዩ ዝምተኛ ነበር። ሲያገባኝ እንኳን ብዙ አላወራም።

በኋላ ኦይስተር የሚገድል በሽታ የምናረባበት ወንዝ ውስጥ ገባ። በሁለት በጋ የኛም የጎረቤቶቻችንም ኦይስተር ባዶ ዛጎል ሆኖ ቀረ። ጠፍጣፋውን የሥራ ጀልባ ሸጥነው። ቨርን በምትኩ ቢጫ የፕላስቲክ ካያክ፣ አንድ ሰው የሚቀዝፋት ጠባብ ጀልባ፣ ተሸክሞ መጣ። የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ይመስላል ብዬ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም። በማግስቱ ጠዋት ከግቢያችን ወደ ድልድዩ ቀዘፈና ሁለት ብሪም ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነፋስ ካልከለከለው በቀር አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ድልድያችን የእንጨት ነው። እግሮቹ አራት አራት ሆነው ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ድርድሮች ከኛ ግቢ ጫፍ ድንጋይ ቢወረወር ይደርስባቸዋል። ወንዙ ባሕር አጠገብ ስለሆነ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሲጎድል እግሮቹ ላይ የተጣበቀው የዱር ኦይስተር ይታያል፤ ጫፉ እንደ ምላጭ ነው። ብሪም የሚውለው እዚያ ሥር ነው። መካከለኛ ዓሣ ነው፣ ብርማ፣ ጎኑ ሰፊ፣ ጥርሱ ዛጎል የሚሰብር። ሲያዝ ወደ ክፍት ውሃ አይሸሽም። ወደ ድልድዩ እግር ይሮጥና ክሩን በዛጎሉ ቆርጦ ይሄዳል። ቨርን እያንዳንዱን ድርድር በቁጥር ይጠራ ነበር። "ስድስተኛው ዛሬ ኩርፊያ ይዞታል" ይለኛል እራት ላይ። ከዚያ በላይ ወሬ አልነበረውም።

ስድሳ ስምንት ዓመት በሞላው ዓመት፣ በሐምሌ ብርድ፣ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ንግግሩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፤ ኮልተፍ ብሎ፣ ግን ተመለሰ። የከፋው ሌላ ነገር ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግብ አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ በቃኝ። እንዲነሳ ስለምነው ዓይኑን ይጨፍናል።

በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣው ነርስ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ እውነቱን ነገረችኝ። ራሱ ካልተነሳ አንቺ ልታነሺው አትችይም አለችኝ። ወገቤ ሼድ ውስጥ በሥራ ተሰብሮ የቀረ ነው። ባላዋ ከተማ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ቦታ አለው፣ ቅጹ ይኸው፣ አስቢበት አለችኝ። ቅጹን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፍኩት። ቨርን እንዲሄድ አልፈለግኩም። ስለምወደው ብቻ ነው ብል መዋሸት ይሆናል። ባዶ ቤት ፈርቼም ነበር።

ነገሩን የጀመረው ጎርዲ ነው። ጎርዲ ጎረቤታችን ነው፤ ወንዙ ላይ ሥራ የቀረው የመጨረሻው የኦይስተር ሰው። አንድ ማታ ከሱቅ የተገዛ ዓሣ ጠብሶ አመጣልን። ቨርን ቀመሰና ሳህኑን በግራ እጁ ገፋው።

"ይሄ ዓሣ ባሕር አይቶ አያውቅም" አለ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሳላስበው እኔ ራሴ አጥምጄ አበላሃለሁ አልኩት። አንገቱን ወደ እኔ አዞረ።

"አንቺ?"

"እኔ።"

"አንቺ እኮ ገላሽን ስትታጠቢም ትሰጥሚያለሽ።"

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ቨርን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን እንዳደርግለት እየጠበቀኝ ነው።

ጀልባ እናወርድበት የነበረው ሲሚንቶ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥኩለት። የሩቅ ማያ መነጽሩን በግራ እጁ ይዞ ተቀመጠ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የማጥመጃውን ዘንግ እንድነካ እንኳ አልፈቀደልኝም። መቅዘፍ ብቻ። ወደ ድልድዩ እግር ስጠጋ ውሃው ወደሚሄድበት በኩል ዞሬ፣ የካያኩን አፍንጫ ወደ ወራጁ ውሃ አዙሬ እንድመጣ አስተማረኝ፤ በሌላ በኩል ከመጣሁ ውሃው ገፍቶ ዛጎሉ ላይ ይለጥፈኛል። ድምፁ ደካማ ስለሆነ ከአራተኛው ድርድር አልፌ እንድሄድ አይፈልግም ነበር። የምሰማው ግማሹን ነው። ግማሹን ከእጁ አነባለሁ።

ከዚያ ስለ ችንካሩ ነገረኝ። ቨርን የድልድዩ እግር አጠገብ ለመቆም የሚጠቀምበት የራሱ ብልሃት ነበረው። ከካያኩ ጋር በታሰረ አንድ ክንድ የማይሞላ ገመድ ጫፍ ላይ የእንጨት ችንካር አስሮ፣ ችንካሩን በእግሩና በአግዳሚው እንጨት መሀል ባለው ስንጥቅ ይሸጉጠዋል። ውሃው በርትቶ ካያኩን ከጎተተ ችንካሩ ራሱ ሾልኮ ይወጣል። መሸጎጥ ብቻ፣ ማሰር የለም አለኝ። ሦስት ጊዜ ነገረኝ።

እኔ ግን አሰርኩት። የኦይስተር ሠራተኛ እጅ ያልታሰረ ነገር አያምንም። ሼድ ውስጥ ሳለን ኦይስተሩ የሚያድግበትን መደብ ሁሉ ባሕሩ እንዳይወስደው በድርብ ቋጠሮ እናስራለን፤ ያልጠበቀ ቋጠሮ የተገኘባት ሴት ቀኑን ሙሉ ስትሰደብ ትውላለች። እጄ የሚያውቀው እሱን ነው። ውሃው ቆሞ ስለነበር ችንካሩ የላላ መሰለኝና ገመዱን አግዳሚው ላይ በድርብ ቋጠርኩት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውሃው ዞረ። መጀመሪያ ቀስ አለ፣ ከዚያ ሮጠ። ካያኩ በጎን ዞረ፣ ቋጠሮው ጠበቀ፣ ልፈታው ጣቴን ሳላስገባበት ተገለበጥኩ።

ከውሃው ብቅ ስል ካያኩን በሁለት እጄ አንቄ ይዤዋለሁ። ክንዴን ዛጎል ሰንጥቆታል። ቨርን ከዳር ተይው፣ ካያኩን ተይው እያለ ሲጮህ እሰማለሁ። ከወንበሩ ሊነሳ ሲሞክር አየሁት፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ጎርዲ ባይኖር ይህን አልጽፍም ነበር። በጀልባው መጥቶ ገመዱን ቆረጠና በጃኬቴ አንገት ጎትቶ አወጣኝ። ዳር ስንደርስ ቨርን ፊቱ ጨው መስሏል። ጎርዲ አየውና እኔን ከፍ አድርጎ እንደ ዓሣ ያሳየው ጀመር።

"ለማጥመድ ከሚፈቀደው ልክ በታች ናት፣ ቨርን። ወደ ውሃው ልመልሳት?"

ቨርን አፉን ከፈተ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ሳቀ። የአፉ አንዱ ጎን ብቻ ነው የሚስቀው፣ ግን ሳቀ። "ዕድሜሽን ሙሉ ስታስሪ ኖረሽ ዛሬ ድልድዩን አስረሽ ቤት ልታመጪው ነበር?" አለኝ። ያን ቀን ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጣ።

ከዚያ በኋላ እውነተኛው ትምህርት ተጀመረ። ውሃው ሲጎድል አሸዋው ላይ ወርጄ በእጅ ፓምፕ ለመንጠቆው የሚሆን ሽሪምፕ፣ አሸዋ ውስጥ የሚኖር ትንሽ የባሕር ፍጥረት፣ እስባለሁ። ውሃው መሙላት ሲጀምር በካያኩ እወጣለሁ። በአሮጌ የኦይስተር ቢላዬ የድልድዩን እግር ፋቅ ፋቅ አደርጋለሁ፤ ፍርፋሪው ሲወርድ ብሪሙ ይሰበሰባል። መንጠቆው ላይ ክብደት የሚሆን እርሳስ የለም፤ ሽሪምፑ ራሱ የወደቀ እንዲመስል በጥላው በኩል በቀስታ ይወርዳል። መጀመሪያ ነካ፣ ነካ ይላል። ያኔ ከተሳበ የለም፤ ዓሣው ገና እየሰበረ ነው፣ አልዋጠም። ክሩ በራሱ መሄድ ሲጀምር ብቻ፣ ያኔ በአንድ ትንፋሽ ከእግሩ ማራቅ። አንድ ክንድ ያህል ክር ከሰጠሁት የዛጎሉ ነው። በመጀመሪያው ወር ስንት መንጠቆ ለዛጎሉ እንደሰጠሁ አልቆጠርኩም። ቨርን ከዳር ይሰድበኛል። እንደ ሰካራም ትስቢያለሽ፣ በር የምትከፍቺ መሰለሽ ወይ ይለኛል። በሕይወቱ ያን ያህል አውርቶ አያውቅም።

የመጀመሪያውን ብሪም በጥቅምት ያዝኩ። ትንሽ ነው፣ ግን ልኩን ያሟላል። ቨርን አጥንቱን ሳይቀር መጠጠው። በዚያው ወር በከዘራ ብቻውን እስከ ሲሚንቶው መሄድ ጀመረ። ነርሷ ቅጹን አየችውና ለጊዜው እዚያው ይቆይ አለች።

እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር።

እጅ ግን ይማራል። በጥር ሙቀት አንድ ጠዋት አራት ዓሣ ያዝኩ። ቨርን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት እኔ ቀድሜ አድርጌዋለሁ። አራተኛውን ሳነሳ ወደ ዳር አየሁ። መነጽሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። እጄን አወዛወዝኩለት። "እሺ" አለ፣ ድምፁ አልተሰማም፣ ከንፈሩን ነው ያየሁት። በማግስቱ መነጽሩን ረሳው። በሦስተኛው ቀን እግሬን አሞኛል አለ። በሳምንቱ ፊቱ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ሾርባውን ሳያጋምስ ተወው።

ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ከአልጋው ያወጣው የነበረው ዓሣው አልነበረም። እኔ የማላውቀው፣ እሱ የሚያስተምረኝ ነገር ስለነበረ ነው።

ስለዚህ አለማወቅ ጀመርኩ። በማግስቱ ወጣሁና ነካ ሲለኝ ሳብኩ። ዓሣው ሄደ። ሲሚንቶው ላይ ማንም አልነበረም፤ የቤታችን መስኮት መጋረጃ ግን ሲነቃነቅ አየሁ። ሁለተኛውን አቆይቼ ያዝኩትና ዘንጉን ወደ እግሩ አዘንብዬ ክር ለቀቅኩለት። ዛጎሉ ቆረጠው። ቤት ስገባ ቨርን አልጋው ላይ ተቀምጦ ምን ነክቶሽ ነው፣ ረሳሽው ወይ አለኝ። አዎ፣ ረሳሁት አልኩት። በማግስቱ ወንበሩ ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ደስ እያለው ሰደበኝ። ሦስት ሳምንት በላ። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ዓሣ አመጣለታለሁ፣ ተስፋ እንዳይቆርጥ። የቀረውን ለዛጎሉ እሰጣለሁ።

አንድ ማክሰኞ ትልቅ ብሪም መንጠቆዬን ያዘ። ሦስተኛው ድርድር ላይ። ካያኩን ዞር አደረገው። እንዲህ ያለ ዓሣ በእጄ ገብቶ አያውቅም፤ ከእግሩ አርቄው ነበር፣ አልቆልኝ ነበር። ከዚያ ወደ ዳር አየሁና ዘንጉን ዝቅ አደረግኩ። ክሩ ዛጎሉ ላይ ሲፋቅ ተሰማኝ፣ ተቆረጠ። ቨርን አልጮኸም። መነጽሩን ከዓይኑ አወረደና በግራ እጁ ነይ አለኝ።

ካያኩን ሲሚንቶው ላይ ጎትቼ ፊቱ ቆምኩ።

"ስንተኛው ነው?" አለ።

"ምኑ?"

"ኖሪን" አለ፣ ስሜን ብቻ።

"አላውቅም። አሥር። ከአሥር ይበልጣል።"

ውሃው ከልብሴ እየተንጠባጠበ እግሩ ሥር ገባ።

"መንጠቆና አንድ ክንድ ክር አፉ ውስጥ ይዞ ሄደ" አለ። "ክሩ የድልድዩ እግር ላይ ይጠመጠማል። እዚያው ታስሮ ይሞታል። ይህን አስተምሬሻለሁ።"

"አስተምረኸኛል።"

"እኔን ለማቆየት ብለሽ ነው።"

አዎ አልኩት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ አየት አደረገና ከዚያ ወደ ወንዙ ዞረ።

"የምታስመስልን ተማሪ ማስተማር ከምንም በላይ ያደክማል" አለ። "አንቺም ደክሞሻል። ቅጹን አውርጂው።"

ለመንኩት። ሌላ ነገር እንፈልግ፣ ጎርዲ መረብ መስፋት ያሳይሃል፣ በግራ እጅህም ቢሆን አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የማይረባ ሐሳብ መሆኑን እኔም እየተናገርኩ አውቄው ነበር። ከዚያ ውሃው ገና ግማሽ ነው፣ ተመለሺና በትክክል አንድ ያዢልኝ አለኝ።

ተመለስኩ። ሁለተኛው ድርድር ላይ ችንካሩን ሸጎጥኩ። ሽሪምፑ ወረደ፣ ነካ አለ፣ ጠበቅኩ፣ ክሩ ሄደ፣ ሳብኩ። ከዳር አንድም ቃል አልመጣም። ዓሣውን ካያኩ ውስጥ ሳገባ ዓይኔ እንባ ስለሞላ መንጠቆውን ለማውጣት ሁለቴ ሳትኩ።

ቤት ገብቼ ዓሣውን ዱቄት ላይ አገላብጬ በቅቤ ጠበስኩለት። ሎሚ ጨመቅኩበት። የመጦሪያውን ቅጽ ከፍሪጁ ላይ አውርጄ ከሳህኑ ማዶ ተቀመጥኩ። የሱን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ የሚወስደውን መድኃኒት ጻፍኩ። የፊደል ነገር ስለማይሆንልኝ ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። እሱ በግራ እጁ በሹካ ሥጋውን ከአጥንቱ እየለየ፣ ሳይቸኩል፣ ምንም ሳያስቀር ይበላ ነበር። "የሚወዳቸው ነገሮች" የሚል ቦታ ላይ ስደርስ ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኩት።

"ባዶ ተይው" አለ፣ እየበላ።

ባዶ ተውኩትና ፈረምኩ።