እምብስ ሲቀላ

ባለፈው ኅዳር ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው፣ ኡኡ ብዬ ሰው የጠራሁት እኔው ስለሆንሁ ነው።

የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ፊደል ለይቼ፣ የዕፅዋትን ጠባይ በገዛ ዓይኔ አጥንቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከማክሰኝት በላይ ባለችው መንደራችን ስሙ የጠፋ ቁጥቋጦ ቢኖር የምጠየቀው እኔ ነኝ። እምብስ የሚባለው ቁጥቋጦ ዝናሙ ወጥቶ ውርጭ ሲገባ ቅጠሉ እንደ ደም እንደሚቀላ ለስንቱ አስተምሬአለሁ! ዓይኔ ግን ደክሟል። ልጄ ከጎንደር መነጽር ገዝቶ ቢያመጣልኝ፣ ጎረቤት እየሰማ "ይህ ለማያውቅ ሰው ነው" ብዬ ሣጥን ውስጥ ጣልሁት።

ያን ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከደጄ ቆሜ ወደ ማዶ አየሁ። ተረተሩ በሙሉ ይነድዳል! ከሥሩ የጎረቤቴ የደሴ የጤፍ ክምር አለ፤ የዓመት ቀለባቸው።

"ኡኡ! እሳት! የሰው ያለህ!" አልሁ። ድምፄ ገና የጎበዝ ነው።

በእኛ አገር ኡኡታ ሰምቶ መቅረት ነውር ነው። በዚያች ሰዓት ደሴና ወንዶቹ ምጥ የያዛትን ሚስቱን ዓባይነሽን በቃሬዛ ወደ አስፋልቱ ያወርዷት ነበር። መንገድ ዳር አሳረፏትና አማቷን ብቻ ትተው፣ ለእሳቱ ማጥፊያ ቅርንጫፍ እየገነጠሉ ሮጡ።

እኔም ዱላዬን ይዤ ተከተልሁ። ስደርስ ደሴ እያለከለከ ቆሟል።

"አያ፣ እሳቱ የታለ?"

አንድ ዘለላ ቀንጥሶ አፍንጫዬ ሥር አመጣልኝ። የቀላ እምብስ ነው። ጀምበር ወድቃበት ነው ያነደደችው።

"ምነው አያ! ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?"

አንዱ ሳቀ። ደሴ ግን ቁልቁል ሮጠ። ሲደርስ ልጅቱ በአያቷ ነጠላ ላይ ተወልዳለች፤ እናትየዋን ደም እየፈሰሳት ነበር። ተሸክመው እየሮጡ ሐኪም ቤት አደረሷት። ሁለቱም ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ዓባይነሽ ከአልጋዋ ሆና፣ "አይስጉ አያ፤ ደግመው ቢጮሁም ሰው ይመጣል። ብቻ መነጽርዎን አድርገው ይጩሁ" አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አሁን መነጽሩን አደርጋለሁ። ሸጋ ነው፤ የእምብሱ ቅጠል ጅማት እንኳ ይታየኛል። ልጅቱንም የክርስትና ስሟን ትቶ መንደሩ "እሳቷ" ይላታል። እናቷ ከማዶ "እሳቷ!" እያለች ስታባብላት በሰማሁ ቁጥር፣ ፊቴ ጥቁር ባይሆን ኖሮ እንደ ኅዳር እምብስ ሲቀላ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር።