ሥራው ሌላ ሰው መሆን

ኤካርት ቴስመር በወረቀት ላይ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ባቡር የሚያውቀው ግን ሲሳፈር ብቻ ነው። እንደ ሁላችንም ውሎው ላይፕዚግ ባለው የመንግሥት ስፖርት ክበብ፣ የጁዶ ምንጣፍ ላይ ነበር፤ በመስኮቱ ማዶ የከሰል ጭስ ከተማዋን ከል ሲያለብሳት እያየ።

ሥራው ሌላ ሰው መሆን ነበር። አሰልጣኛችን ጓድ ብሩንስ የውጭ ተጋጣሚዎችን ፊልም ያሳዩታል፤ እሱ አያያዛቸውንና አጣጣላቸውን ይቀዳል። የክበቡ ሻምፒዮን ፎልክማር ደግሞ እሱን እየጣለ እነሱን መጣል ይማራል። ኤካርት መውደቁ ብቻ አይበቃም፤ ፈረንሳዊው እንደሚወድቀው መውደቅ አለበት። ልጆቹ ልብስ እየቀየሩ ያዜሙበታል፦

ሰኞ ፈረንሳዊ፣ ማክሰኞ ጃፓን ነህ፣
እሑድ ስትመጣ እናትህ ማን ትበልህ?

እሱም አብሮ ያዜማል። ድምፁ ያማረ ነበር፤ ያ ዜማ ዛሬም ሆዴን ያባባዋል።

ያን ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮና ቪየና ሆነ፤ ማንም እንደልቡ ከማይሻገረው የድንበር አጥር ማዶ። ኤካርት የማዶውን ሰዎች ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ አንዳቸውንም በአካል አላየም።

«አንዴ እንኳ በራሴ ስም ልጋጠም» አለኝ።

በማጣሪያው ያሸነፈ ይሄዳል ተባለ። ለፍጻሜ የደረሱት እሱና ፎልክማር ነበሩ።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ሆነህ መጣህ?» አለው ፎልክማር እየሳቀ።

«ራሴን።»

«እሱን ሰውዬ አላውቀውም!»

እውነቱን ነው፤ አያውቀውም። ኤካርት ከትውልድ መንደሩ ይዞት የመጣውን፣ ለዓመታት ማንም ያልጠየቀውን አጣጣል አወጣና ፎልክማርን በጀርባው ዘረጋው። ሁለት ሰው አጨበጨበ። አንዱ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛው እኔ ነበርኩ ያለ እስካሁን የለም።

ጓድ ብሩንስ ወደ ጎን ወሰዱት።

«ግሩም ነው ልጄ። ችግሩ፣ የዘንድሮው ሜዳሊያ በፎልክማር ስም ዕቅድ ውስጥ ገብቷል።»

«ያሸነፍኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ጓድ ብሩንስ!»

«አሸንፈሃል። ከዕቅድ ውጭ።»

ሰኞ ጠዋት ኤካርት ቀበቶውን አሰረ።

«ዛሬ ማንን ልሁን?»

«ራስህን ሁን» አሉት ጓድ ብሩንስ። «ፎልክማር አንተን ሳይጥል ከሄደ ልቡ እዚሁ ይቀራል።»

«እና ልውደቅለት?»

«አንተ እንደምትወድቀው አድርገህ።»

ኤካርት ብዙ አሰበ። እሱ እንዴት እንደሚወድቅ አያውቅም፤ የራሱን ፊልም አይቶ አያውቅም። ስለዚህ አልወደቀም። ማክሰኞም አልወደቀም። ረቡዕ ፎልክማር አንገትጌውን ይዞ «በናትህ ወንድሜ!» ብሎ ለመነው። አሁንም አልወደቀም።

ሐሙስ ፎልክማር ዝሎ ወደ ቪየና ተሳፈረ፤ ኤካርት ቀረ። ዓርብ ጓድ ብሩንስ አንድ አዲስ ሃንጋሪያዊ በፊልም አመጡለት። ኤካርት አጥንቶ ወደቀላቸው። ያማረ አወዳደቅ ነበር፤ የሃንጋሪያዊው።