ጋሽ ስፖንጅ ከፊት የሄደበት ቀን

“ጋሽ ስፖንጅ” የሚለውን ስም ያወጡለት የብስክሌት ጓደኞቹ ናቸው። ሥራው ሶፋ ማደስ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ከብስክሌቱ ተወርውሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ “አለቀለት” ብሎ ሲሮጥ እሱ አቧራውን እያራገፈ ብድግ አለና መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ብስክሌቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ እናቱ ባወጣችለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ሆነች፤ እሷም ስትቆጣ ነው።

ሱቁ እኔ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ጎን ነው። በሩ ላይ ሁልጊዜ ሆዱ የተዘረገፈ ሶፋ ይቆማል። ውስጥ ሚስቱ በስፌት መኪናዋ ልባስ ትሰፋለች፤ እሱ ምስማር በከንፈሩ ነክሶ ጨርቅ ይወጥራል። ብስክሌቱ በላያቸው ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ይውላል።

እኔን ወደ ተራራ ብስክሌት ያስገባኝ እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ መድኃኒት ስሰጥ ወገቤ አላስቀምጥ አላስቆም ስላለኝ አንድ ቀን የሚያብረቀርቅ ብስክሌት ገዛሁና እየገፋሁ በበሩ አለፍኩ። ጠራኝ። ብስክሌቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ምስማሩን ከአፉ አወጣ።

“እህቴ፣ ይሄ የተገዛው ለዓይንሽ እንጂ ለእግርሽ አይደለም” አለኝ።

በላዩ ላይ አቆመኝ። የእግሬ ጣቶች መሬቱን በልመና ነው የነኩት። ብስክሌት እንደ ጫማ ነው፣ ሲያምር ሳይሆን ሲሆንሽ ነው የሚገዛው ብሎ ሥራውን ጥሎ አብሮኝ ሄደና ከሻጩ ጋር ተከራክሮ በልኬ አስቀየረልኝ። እግረ መንገዱንም ቡድን እንዴት እንደሚመረጥ ነገረኝ። ፈጣኑን ሰው አትይ፣ ከሁሉም ኋላ የሚደርሰውን እዪ አለኝ። እሱ ሲደርስ ሌሎቹ ውኃቸውን ጠጥተው የሚነሱ ከሆነ እዚያ ቡድን አትግቢ፤ እሱም ትንፋሹን እስኪሰበስብ የሚቀመጡ ከሆነ ግን ግቢ። የእሱ ቡድን የሚቀመጥ ነበር። የሚመሩት ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ እስከዛሬ አሠልጣኝ እንላቸዋለን።

በየቅዳሜው ጠዋት ተራራ ላይ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ ጋሽ ስፖንጅ ነው። ድንጋያማ መንገድ ላይ የጎማሽን አየር ትንሽ ቀንሺ፤ የጠጠረ ጎማ እንደ ኳስ ይነጥራል ይለኛል። ማርሹን ዳገቱ ከያዘሽ በኋላ ሳይሆን ሳይይዝሽ ቀይሪ። ቁልቁለት ላይ ከመቀመጫው ተነሺ፣ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጊ፣ ፍሬኑን በአንድ ጣት አባብዪው። ዓይንሽን የፈራሽው ድንጋይ ላይ አትትከዪ፤ ያየሽው ድንጋይ ይጠራሻል። መሄድ የፈለግሽበትን እዪ። ይህን ሁሉ የሚለው ከፊቴ እየነዳ ወደ ኋላ እየጮኸ ነው፤ እኔም ግማሹን ሰምቼ ግማሹን ወድቄ ተማርኩት።

የዓይኑ ነገር በግራ በኩል ጀመረ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ያለፍነውን ቅርንጫፍ እሱ በግንባሩ ገጨው። በሳምንቱ ከጎኑ የምነዳውን እኔን ሳያየኝ ታጠፈና ሊጥለኝ ሲል ለጥቂት ተረፍኩ። ሄልሜቱ ነው የጋረደኝ ብሎ ሌላ ሄልሜት ገዛ። ልጁ ነርስ ናት፤ ነገሩ አላማራትምና እጁን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ግላኮማ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳቸው ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከዳር ከዳር ነው የሚሰርቀው፤ የሰረቀውን አይመልስም፤ ሰው የቀረውን ለማቆየት ይታገላል። የዓይን ጠብታውን ከእኔ እጅ ነበር የሚወስደው። ታገለ። ግን ዘግይቶ የተገኘ ነገር ነበርና አልቀናውም፤ በመጨረሻ ብርሃንን ከጨለማ ብቻ የሚለይ ሰው ሆነ።

ሥራውን አልተወም። ጨርቁን ሚስቱ ትቆርጥለታለች፣ እሱ በመዳፉ እየዳሰሰ ይወጥራል። ቅዳሜ ግን ከበደው። ከተራራ ስንመለስ ጎራ እንላለን፤ ስለ መንገዱ ይጠይቀናል፤ እኛ እንዳይከፋው እናሳጥራለን፤ ማሳጠራችን ይገባዋል፤ ከዚያ ሁላችንም ስለ ሶፋ እናወራለን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሱቁ ገባሁ። የኋላ ጎማዬ አጠገብ የታሰረ የፕላስቲክ ማሰሪያ ጫፉ ተርፎ የጎማውን ሽቦዎች እየመታ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። ልቁረጠው፣ መቀስ ስጠኝ አልኩት። መቀሱን አልሰጠኝም። የያዘውን ጨርቅ አስቀምጦ ቆመ።

“አትቁረጪው። ጓሮውን ዙሪልኝ።”

ከሱቁ ጀርባ አሮጌ ሶፋዎች የሚከመሩበት ግቢ አለ። በሶፋዎቹ መሃል እየተጠማዘዝኩ ብስክሌቱን ገፋሁ። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላዬ ነው። በትር የለ፣ የያዘው ሰው የለ። በታጠፍኩበት ይታጠፋል፣ ስቆም ይቆማል። ሆን ብዬ በጠባቡ በኩል ገባሁ፤ እሱም ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ገባ። አንድም ሶፋ አልነካም። የስፌት መኪናዋ ድምፅ መቆሙን ያወቅኩት ሚስቱን በሩ ላይ ቆማ ሳያት ነው።

“ብስክሌቴን አውርዱልኝ” አለ።

ሚስቱ ብዙ ነገር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወንበር ጎትታ ወጣችና ራሷ አወረደችው። ከዚያ ነው፣ ብትወድቅ እዚህ መጥተህ አታቃስትብኝ ያለችው።

ከፊቱ የምትነዳው ልጁ ሆነች። ሌላ ሰው ሲመራው ቤት ተቀምጬ ጥፍሬን ከምበላ እኔው ልምራው አለች። ችግሩ ልጅቱ ከአስፋልት ወርዳ አታውቅም። ስለዚህ ዓይነ ስውሩ አባት ለምታይ ልጁ መንዳት ማስተማር ነበረበት። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ፣ ማሰሪያው በጎማዋ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ እሱ በድምፁ ብቻ ፍሬን አበዛሽ፣ ቶሎ ታጠፍሽ እያለ ያርማታል። አጫጭር ቃላት ተስማሙ፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ድንጋይ፣ ቁልቁል፣ ቁም። “ቁም” ጥያቄ የለውም፤ ከተባለ መቆም ነው። ከሜዳው ወደ ጫካው መንገድ፣ ከጫካው ወደ ተራራው እግር እያሉ አደጉ። ብዙ ወደቀ። ሚስቱ በሱሪው ጉልበትና በሹራቡ ክርን ላይ ስፖንጅ ሰፋችለት፤ ቡድኑም አሁን ስሙ ከነልብሱ ሞላ ብሎ ሳቀ። ያን ጊዜ ሁሉ ከኋላቸው እነዳ ነበር። ሰው እንደዚያ ሲያዳምጥ ከዚያ በፊት አላየሁም። ጆሮው ብቻ አይደለም፤ ጀርባው ያዳምጣል፣ እጆቹ ያዳምጣሉ።

በዓመት አንድ ጊዜ ተራራውን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ትልቅ ውድድር አለ። ጋሽ ስፖንጅ ዓይኑ እያየ ሳለ ሰባት ጊዜ ጨርሶታል። እንደገና እሄዳለሁ አለ። የውድድሩ ኃላፊ ጎበዝና ጥንቁቅ ሴት ናት፤ መጀመሪያ አልፈቀደችም። የሰው ሕይወት ኃላፊነት አለብኝ አለች፤ እውነቷን ነው። አሠልጣኙ ገብተው ተነጋገሩ። በመጨረሻ ከሁሉም ኋላ ከቡድናችን ጋር እንዲነሳ፣ ከጠባቡ ሸንተረር ማዶ ባለው ጣቢያ እሷ ራሷ ቆማ እንድታየው፣ ካላማራት እዚያው እንዲያበቃ ተስማሙ። እሱ አልተከራከረም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምለው አለ።

ከውድድሩ በፊት ሁለት ቅዳሜ መንገዱን በዝግታ ሄድንበት። በውድድር ቀን አዲስ ጫማም አዲስ መቀመጫም አይሞከርም፣ ሁሉም ነገር ቀድሞ የተለመደ ይሁን ብሎ አጥብቆ አዘዘን። ሳይርባችሁ ብሉ፣ ሳይጠማችሁ ጠጡ አለ። በዕለቱ ጠዋት እያንዳንዳችንን ትርፍ ከመነዳሪና ጎማ መንፊያ መያዛችንን ቦርሳችንን እየዳሰሰ አረጋገጠ። የእኔ ቦርሳ ውስጥ ሙዝ ብቻ አገኘና፣ ጎማሽ ቢተነፍስ ልጠሽ ልትሞይው ነው ወይ አለኝ። ሮጬ አመጣሁ።

ፈጣኖቹ እንደ ወፍ በረሩ፤ እኛ በጸጥታቸው ውስጥ ተነሳን። ልጁ ከፊት፣ እሱ ቀጥሎ፣ እኔ ከእሱ ኋላ፣ አሠልጣኙ መጨረሻ። ዳገቱን ወጣን። ነፋሱ ከፊታችን ነበርና ቀጭ ቀጩን ጥርት አድርጎ ያመጣለታል። ሸንተረሩ ላይ ስንወጣ ምድር ከሁለቱም በኩል ወደ ታች ሄደች። መንገዱ አንድ ብስክሌት ብቻ ይወስዳል፤ ግራና ቀኙ ድንጋይና ሣር የለበሰ ተዳፋት ነው፤ ታች ደመናው ከእግራችን በታች ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚያይ ሰው እንኳ ድምፁን ይቀንሳል።

መሃሉ ላይ መንገዱ ወደ ሌላኛው ወገን ይታጠፋል። ስንታጠፍ ነፋሱ ጀርባችንን ያዘ። ጋሽ ስፖንጅ ወዲያው ቆመ፤ አንድ እግሩን መሬት ተከለ። ልጁ መቆሙን አላወቀችም፤ ጥቂት ነድታ ዞር ስትል ነው ያየችው። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

ነፋሱ የማሰሪያውን ድምፅ ከፊቱ እየጠረገ ይወስድበት ነበር። ልጁ ጮኻ ብትሞክርም ቃሏ ተቆራርጦ ነው የሚደርሰው። አሠልጣኙ ከኋላ ሆነው ብስክሌቱን ይዘን በእግር እንሻገር፣ ነውር የለውም አሉ። እኔም ልቤ ከእሳቸው ጋር ነበር። ጋሽ ስፖንጅ ግን ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

“አሠልጣኝ፣ የእርስዎን ትንፋሽ ሳይቀር እሰማለሁ። ከኋላ ያለው ሁሉ ይመጣልኛል” አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። “እናቴ፣ ከኋላዬ ሁኚ።”

“አባዬ፣ ከፊትህ ማን ሊሆን ነው?”

“ማንም።”

ልጅቱ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ለረጅም ጊዜ መንገዱን አየችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ቁም ካልኩህ ትቆማለህ ወይ አለችው። እቆማለሁ አለ። ብስክሌቷን አንስታ በጎኑ አሳልፋ ከኋላው ቆመች። እኔ ወደ ኋላ ሸሽቼ ቦታ ለቀቅኩላት።

ዓይነ ስውር ሰው ከፊቱ ሰማይ ብቻ ባለበት መንገድ ላይ ፔዳሉን ረግጦ ተነሳ። የልጁ ድምፅ ከኋላው በነፋሱ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፦ ግራ፣ ትንሽ ግራ፣ ቀጥ፣ ድንጋይ፣ ቀጥ፣ ቁልቁል። ቃሉ ከአፏ ሲወጣና መሪው ሲታጠፍ በመሃል ጊዜ ያለ አይመስልም። አንድ ጊዜ እሷም ያላየችው ድንጋይ የፊት ጎማውን ወደ ላይ ወረወረው፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ እሱ ጉልበቱን አጥፎ፣ ክርኑን አላልቶ ንዝረቱን ውጦታል፤ እሷም ድምጿን ሳትቀይር “ቀጥ” ትለዋለች። የምትናገረው በታመመ ሰው አጠገብ እንደምትናገረው ነው፤ አትጮኽም፣ አትቸኩልም። ከእነሱ ኋላ ስነዳ የራሴን መፍራት ረሳሁት። ዓለም ሁሉ ወደ አንድ አባትና ወደ አንድ ልጅ ድምፅ ጠቦ ነበር።

ሸንተረሩ አለቀና መንገዱ ሰፋ። ጣቢያው ላይ ኃላፊዋ ከሁለት ረዳቶች ጋር ቆማለች። በኋላ እንደነገረችን፣ መጀመሪያ ብቅ ያለውን ሰው ስታይ ዓይነ ስውሩ ከኋላ ይመጣል ብላ አሻግራ ትፈልግ ነበር። ሰውየው አጠገቧ ደርሶ ቆመና በትሕትና፣ እመቤቴ፣ ከዚህ በየት በኩል ነው ሲላት ነው የገባት። ክንዱን ያዘችና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረችለት። ስለ ማስቆም ማንም አላነሳም።

መጨረሻው ላይ ስንደርስ ሽልማቱ ተሰጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሰዎች ወንበር እየሰበሰቡ ነበር። የሚሰበስቡት ወንበሩን አስቀምጠው ቆሙ። አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረና ተወው፤ ማጨብጨብ ያነሰበት መሰለኝ። ልጁ ከብስክሌቷ ወርዳ የውኃውን ክዳን ልትከፍት ሞከረች፤ አልቻለችም። ክዳኑን አባቷ ተቀብሎ ከፈተላት።

በፒክአፕ መኪና ጭነት ላይ ከብስክሌቶቹ ጋር ተጠጋግተን ተመለስን። እሱ አፉን ከፍቶ ተኛ። አሠልጣኙ፣ ምክር የማያልቅባቸው ሰው፣ ሸንተረሩ ከኋላችን እየራቀ ሲያንስ ዞረው ያዩታል።

ሱቁ በር ላይ ሚስቱ ጠበቀችን። እንዴት ሆነ ብላ ስትጠይቀን ሁላችንም ተያየን። እሱ ከመኪናው ወርዶ በእጁ ዳብሶ ትከሻዋን አገኘ።

“ነፋሱ ጥሩ ነበር” አላት።

እሷም ክርኑ ላይ የተቀደደውን ስፖንጅ በጣቷ ወደ ውስጥ ከተት አድርጋ፣ ግባና ታጠብ አለችው።