በቀይ መብራት የሚወራ ወሬ

መጀመሪያ ቡሎኖቹን ያላላል፤ መኪናው ገና መሬት እንደረገጠ። ክሪክ ካነሳው በኋላ ቡሎን ለማላላት የሚታገል ሰው ጎማውን ሲያሽከረክር ይውላል እንጂ አይፈታውም። ቀጥሎ ክሪኩን ያስገባል፣ መኪናውን ያነሳል፣ ቡሎኖቹን በጣቱ እየዘወረ አውጥቶ ቆቡ ውስጥ ይጥላቸዋል። ቆብ ውስጥ የገባ ቡሎን አይረሳም፤ ራሱን የበረደው ሰው ያስታውሰዋል። ጎማውን መሬት ላይ አጋድሞ ቫልቩን ይነቅልና እስኪተነፍስ ይጠብቃል። ከዚያ ጠርዙን ተጭኖ ከቸርኬው ያላቅቃል፤ ሁለት መፍቻ ብረት ያስገባና አንዱን በጉልበቱ ይዞ በሌላው እየተከተለ ዙሪያውን ይገለብጠዋል። በመጨረሻ እጁን ጎማው ሆድ ውስጥ ከትቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይዳስሳል። ሚስማር ይሁን ሽቦ ይሁን ስለታም ጠጠር፣ ከማውጣቱ በፊት ይናገራል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ልክ ያልሆነ ለታ ደግሞ "ይቺ አዲስ ዓይነት ሚስማር ናት" ብሎ ያልፋታል።

ሰፈሩ ጎሚስታው ይለዋል። ሚስቱ "አንተ ሰውዬ" ትለዋለች፤ ሲያናድዳትም ሲያስደስታትም ያው ነው፣ ልዩነቱ ድምፅዋ ላይ ነው። ሱቁ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ብረት በያጅ ሱቅ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ይገኛል። በወጣትነቱ ከውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ቡድን ጋር አገር ላገር እየዞረ ጎማ ሲጠግን ኖሯል። ጭቃው እስከ ጉልበት፣ መንገዱ ገደል። እዚያ ነው ጥርሳም ጎማ የወደደው። ቡድኑ ሲበተን አሮጌዋ የመስክ መኪና ለጨረታ ቀረበች፣ እሱም ገዛት። ከፍ ያለች፣ ማዕዘኗ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ሳጥን ላይ ሳጥን የደረቡባት የምትመስል መኪና ናት። የጎማዋ ጥርስ እያንዳንዱ የሕፃን ጡጫ ያህላል። የሰፈሩ ሰው ይህን አይቶ ስሟን "ጥርሶ" አላት።

ጥርሶ በየቀኑ የምትሄድበት መንገድ ግን ጭቃ የሚባል ነገር አያውቅም። ከቤት ሚስቱ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት፤ ሁሉም አስፋልት ነው። መጨረሻ ጭቃ የነካት የጎረቤት የውኃ ቧንቧ የፈነዳ ዕለት ነበር። ያን ዕለት ጎሚስታው ካለፈ በኋላ ዞሮ ተመልሶ ደግሞ አለፈበት።

አስፋልት ላይ እያንዳንዱ ጥርስ መንገዱን በጥፊ ይመታል። ቀስ ስትል አንድ ሰው ቆሎ የሚቆረጥም ይመስላል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ወፍጮ ቤት ትሆናለች። ሦስተኛ ከገባች ወዲያ ወሬ የለም፤ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ ጮኾ ነው የሚያስበው።

ይህ ለሌላ ባልና ሚስት ምንም ላይሆን ይችላል። ለእነሱ ግን ጠዋት መኪና ውስጥ ያለችው ጊዜ ሌላ ጊዜ የሌላት ናት። ማታ እሱ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ እጁን ታጥቦ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ እሷ ደብተር ታርማለች። ሚስቱ ደግሞ ወሬ ሲያወሯት ሳይሆን ስታወራ የምታምር ሴት ናት። የትምህርት ቤቱን ጉድ ከሷ አፍ ያልሰማ ሰው ትምህርት ቤቱን አየሁ አይበል።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ወሬ በቀይ መብራት ላይ ብቻ ነው። መብራቱ ቀይ ሲሆን ታወራለች፤ አረንጓዴ ሲሆን ባለችበት አቁማ ሌባ ጣቷን ወደ ላይ ትቀስራለች። ወሬው እዚያ ጣት ላይ ተሰቅሎ ይቆያል። ቀጣዩ መብራት ጋ ሲደርሱ ጣቷን አጥፋ፣ አንድ ቃል ሳትደግም፣ ከቆመችበት ትቀጥላለች።

"ርእሰ መምህሩ ከስብሰባው መሐል ብድግ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው..."

አረንጓዴ። ጣት። ወፍጮ ቤት። ቀይ።

"'ወንበሬን ማን ወሰደው' አይል መሰለህ። ለካ ልጆቹ ለቲያትር የንጉሥ ዙፋን አድርገውት..."

አረንጓዴ። ጣት።

ሌላው ሹፌር ቀይ መብራት ሲይዘው ፊቱን ያጠቁራል። ጎሚስታው ከሩቅ ቢጫ ሲያይ ሆን ብሎ ይዘገያል። መብራቱ ተቀይሮ የኋላው መኪና ጡሩምባውን ሲለቅበት፣ "ታገሥ እንጂ ወንድሜ፣ ወንበሩ ገና አልተገኘም" ይላል ለብቻው።

እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖሩ። የወንበሩ ወሬ መጨረሻው ሳይነገር መንገዱ ታደሰ። መብራቶቹ ተነቀሉና በየቦታቸው ክብ አደባባይ ተሠራ። መኪና ዞሮ ያልፋል እንጂ አይቆምም። ከተማው ሁሉ እፎይ አለ። የመጀመሪያው ቀን ሚስቱ ከደጃፍ የጀመረችውን ወሬ መታጠፊያው ላይ አቆመች፣ ጣቷን ቀሰረች፤ ጣቷ እንደተቀሰረ ትምህርት ቤቱ በር ደረሰ።

"እጄ ዛለ፣ አንተ ሰውዬ" ብላ ወረደች።

ከዚያ ወዲያ መጮኽ ጀመረች። ጮኸች፣ ጮኸች፣ ድምፅዋ ጎረነነ። ክፍል ውስጥ ፊደል ስታስቆጥር ልጆቹ "መምህርት ጉንፋን ያዛት" አሉ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ሐኪሟ ጉሮሮዋን በባትሪ አየችና፣

"ክፍል ውስጥ ይጮኻሉ?" አለቻት።

"ክፍል ውስጥማ የሚጮኹት እነሱ ናቸው። እኔ የምጮኸው ባሌ ላይ ነው።"

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። "ተጣልታችሁ ነው?"

"ኧረ በሰላም ነው። ስንጣላማ ዝም ነው የምንባባለው።"

ሐኪሟ ድምፅዋን እንድታሳርፍ አዘዘቻት። ሚስቱም አሰበችበትና ከትምህርት ቤቱ ሒሳብ አስተማሪ ጋር መሄድ ጀመረች። ሒሳብ አስተማሪዋ እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው፤ መኪናዋ ትንሽ ናት፣ ስትሄድ የእጅ ሰዓት ድምፅ እንኳ ይሰማባታል። "አንተን ጠልቼ አይደለም" አለችው ሚስቱ፤ "ጥርሶን ነው።"

ጎሚስታው ብቻውን ወደ ሱቅ ነዳ። ማታ ግን እንቅልፉን እየታገለ፣

"እህ፣ ዛሬስ ምን አዲስ ነገር አለ?" ሲል ጠየቃት።

"ኡፍ፣ ለሷ አወራሁት እኮ። ወሬ ሁለቴ ሲወራ አይጣፍጥም።"

ይቺ ነገር ከነከነችው። በማግስቱም እንዲያው። የርእሰ መምህሩ ወንበር መጨረሻው ምን እንደሆነ እንኳ ሳይሰማ ቀረ።

የባሰው የመጣው ሒሳብ አስተማሪዋ የተበሳ ጎማ ይዛ ሱቁ የመጣች ዕለት ነው።

"ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አለችው።

"በምን?"

"በመምህርት ነዋ። ምክትል ርእሰ መምህርት ሁኚ ተብላለች። ልቀበል አልቀበል ብላ ገና እየተማከርን ነው። ዓርብ መልስ ትሰጣለች።"

ጎሚስታው እጁ ጎማው ሆድ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሹመቱ አይደለም የያዘው፤ "እየተማከርን ነው" የምትለዋ ቃል ናት። ከተጋቡ ጀምሮ ቤት ሲለውጡ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስገቡ፣ ምንም ነገር ሲቆርጡ፣ ሚስቱ የምትማከረው ከሱ ጋር ነበር። አሁን ምክሩ በትንሽ መኪና ተሳፍሮ ሄዷል።

"ሽቦ ነው" አለ ዐይኑን ሳይገልጥ። ሲያወጣው ሚስማር ነበር። አዲስ ዓይነት ናት ለማለት እንኳ ልብ አልነበረውም።

ማታ ጠየቃት። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ልንገርህ? ጠዋት እየጮኽኩ? ማታ እያንኮራፋህ?" ከዚያ ትንሽ አዘነችለት። "ጥርሶን ዝም ካሰኘህልኝ አብሬህ እሄድና እነግርሃለሁ። ሳልቆርጥ።"

ዓርብ ሩቅ አልነበረም። ጎሚስታው በነጋታው ሥራውን ጥሎ ጥርሶ ላይ ዘመተ። በበሮቹ ጠርዝ ያለውን ያረጀ ጎሚኒ ነቅሎ በአዲስ ተካው። ማታ ሚስቱን አሳፍሮ በሰፈሩ ዞረ። ጣቷ ወደ ላይ ወጣ። በማግስቱ ወንበሮቹን አውጥቶ ወለሉን በወፍራም ስፖንጅ ሸፈነ፣ በላዩ ምንጣፍ አለበሰ፣ የተረፈውን ኮፈኑ ሥር ለጠፈ። ማታ ዞሩ። ጣት። ሐሙስ ጠዋት ፖርቶ መጋላውን ፈታ፤ ነፋስ እየመታው ነው የሚያፏጨው ብሎ።

በያጁ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ሁሉንም ሲያይ ሰንብቷል።

"ጎማውስ?" አለው።

"ጎማው ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ጥርስ አለው።"

"ስማ፣ እኔ ጎማ ነው ሥራዬ። የኔ ጎማ ድምፅ የለውም። የሚጮኸው አስፋልቱ ነው።"

"እንግዲያስ አስፋልቱን ንቀለው" ብሎ በያጁ መከላከያ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ደፋ።

ጎሚስታው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ያን ጎማ ከጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ዘመን ጀምሮ ነው የሚወደው። ሱቁ ፊት ለፊት ቆማ የምትታየውም ጥርሶ ናት፤ ከማንኛውም ሰሌዳ ይልቅ ደንበኛ የምትጠራ እሷ ናት። ጥርሷን ማውለቅ የራሱን ጥርስ ማውለቅ መሰለው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛ መጣች። መኪናዋ ትልቅ፣ አዲስና ከፍ ያለ ነው።

"ጋሼ፣ ስነዳው እንዲህ ውውው ይላል። ጋራዥ አስፈትሼው ምንም የለበትም አሉኝ። ራሴን አመመኝ።"

ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ መዳፉን ጎማው ላይ አሳለፈ።

"ጎማው ነው፣ እህቴ።"

"እንዴ፣ አዲስ እኮ ነው።"

"አዲስም ቢሆን ጥርሱ አስፋልቱን ይመታል። ይህ የጭቃ ጎማ ነው። በየትኛው ጭቃ ነው የሚሄዱት?"

"ጭቃ የለም። ከቤት ቢሮ ነው የምሄደው።"

"ታዲያ ቢሮዎ ረግረግ ላይ ነው?"

ሴትየዋ ሳቀች። ጎሚስታውም ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ግን ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ከግድግዳው ማዶ የብየዳው ድምፅ ጸጥ ብሏል። በያጁ ከደጃፉ ጭምብሉን ቀስ አድርጎ ወደ ግንባሩ አንስቶ ያየዋል።

"ምን ታያለህ?"

"አንተን። የተናገርከው ጥሩ ነገር ነው። ድገመው እስቲ፣ ደህና አድርጌ ልስማው።"

ጎሚስታው አልደገመውም። ሴትየዋን አስተናግዶ ሸኘ። ከዚያ ወደ ጥርሶ ሄደ፣ ቆቡን አወለቀና ቡሎን ማላላት ጀመረ።

ይህን ሥራ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶታል፤ ያን ከሰዓት ግን እጁ ከበደው። አንዱን ፈታ፣ ሌላውን ፈታ። ከቸርኬው ጀርባ የደረቀ ጭቃ አገኘና በጥፍሩ ፈልቅቆ ለበያጁ አሳየው።

"አየህ? ከጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ዘመን የቀረ ነው።"

"የጎረቤትህ ቧንቧ ነው" አለው በያጁ፤ እንዲህ ቢለውም ክሪኩን ሊይዝለት መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጎሚስታው ሱቁ ውስጥ ካሉት የአስፋልት ጎማዎች ለስላሳ፣ ጥርሱ እንደ ማበጠሪያ የደቀቀውን መርጦ ገጠመ። ጥርሶ ዝቅ አለች። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ አያት፤ ከመምሸቱ በፊት አዲስ ስም ወጥቶላት ነበር። ድዶ አሏት።

ዓርብ ጠዋት ሚስቱ ገባች፣ በሩን ዘጋች።

"እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው" አለች። "ርእሰ መምህሩ ጠርቶኝ..."

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ጣቷ ከልማዱ ወደ ላይ ወጣ፣ እሷም ዝም አለች። ሁለተኛ ማርሽ። ሦስተኛ። የመጀመሪያውን አደባባይ አለፉ። ጣቷ እንደተቀሰረ ነው።

"ለምን አቆምሽ?" አላት፤ ሳይጮኽ፣ ሰው ከሰው ጋር እንደሚያወራ።

ሚስቱ ወደ ጣቷ አየች፣ ቀስ ብላ አጠፈችው። ልትቀጥል አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ነገር ሰማች።

"አንተ ሰውዬ፣ ታንጎራጉራለህ እንዴ?"

"እኔ?"

"አንተ ነህ እንጂ፤ እንግዲህ መኪናው ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እንጃ። እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው።"

ተሳሳቁ። ከዚያ ሁሉን ነገረችው። ሹመቱን ጠልታው አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ፣ ወረቀት እየፈረመች፣ ፊደል ሲቆጥሩ የሚውሉትን ልጆች በመስኮት ማየት ነው የሚያስፈራት። ጎሚስታው እየነዳ ሰማት። ትምህርት ቤቱ በር ጋ ያለው አደባባይ ላይ ሲደርሱ ወሬው አላለቀም። በሩን አልፎ አደባባዩን ዞረ። ደግሞ ዞረ። ትራፊክ ፖሊሱ አንገቱን እያዞረ አብሯቸው ዞረ።

"አንድ ክፍል ትተዉልኛላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ" አላት። "ትንንሾቹን። ጠዋት ጠዋት እነሱን አስተምሪ፣ ከዚያ ፈርሚ። እምቢ ካሉሽ አንቺም እምቢ በይ።"

ሚስቱ ወደሱ ዞረች። "ይሄንን እኮ ማናችንም አላሰብነውም።"

"ሒሳብ አስተማሪዋስ ምን አለች?"

"ተቀበይ ብቻ ነው ያለችው። አንዱን ክፍል ያመጣኸው አንተ ነህ።"

ጎሚስታው መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ቀና ብሎ ተቀመጠ። በሩ ላይ ሲያወርዳት መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ቆይ እንጂ፣ የርእሰ መምህሩ ወንበርስ መጨረሻው ምን ሆነ?"

"ማታም መጥተህ ስትወስደኝ" አለችው።

ያኔ የወለቁት ጥርሳም ጎማዎች ዛሬ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ሰው ያያቸዋል፣ ይወዳቸዋል፣ ይጠይቃል። ጭቃ ለጭቃ የሚውል ሰው ከሆነ ጎሚስታው ደስ እያለው ዓይነቱን ያስመርጠዋል። የቀረውን ግን ዝም ብሎ አይሸጥለትም። ይህን ለምታነቡት ለእናንተም አንድ ልመና አለው። እንዲህ ያለ ጎማ አምሯችሁ ወደ ሱቁ ስትመጡ ብቻችሁን አትምጡ፤ መኪናችሁ ውስጥ ከጎናችሁ የሚቀመጠውን ሰው ይዛችሁ ኑ። ዋጋውን ለእናንተ ይነግራችኋል፤ ጥያቄ የሚጠይቀው ግን እሱን ነው።