መዳፍ የምታክል ሥጋ

ዓለምሸት ከባሏ አፍ ሥጋ የነጠቀች ሴት ናት። ያውም በጓዳ አይደለም፤ ሰባት ጫኝና አውራጆች ከበው ተቀምጠው፣ በጠራራ ፀሐይ። የሰፈሩ ሰው ስሟን ሲያነሣ ከዚህ ይጀምራል። ሐሜተኛ ደግሞ እዚሁ ላይ ያቆማል፤ እኛ ግን አናቆምም።

ጊዜው 1975 ዓ.ም. ነው። ቦታው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ከነበሩት የመንግሥት ቡና እርሻዎች አንዱ። ባሏ ማቴዎስ ስድሳ ኪሎ ጆንያ ብድግ አድርጎ መኪና ላይ የሚወረውር ጉልበተኛ ነበር። በጥር ወር የጥላ ዛፍ ሲመለመል ቅርንጫፍ ጭኑ ላይ ወደቀበት። ጅማ ሆስፒታል ሦስት ወር ተኝቶ ለፋሲካ ዋዜማ ሲመለስ አርባ ስምንት ኪሎ ሆኗል፤ ሱሪው በሲባጎ ታስሮ ነው የገባው።

ከእርሻው ቢሮ ደብዳቤ ቀድሞት ደርሷል። ሰኔ አሥራ ሦስት ሰኞ ቀርቦ ይፈተናል፤ አንድ ጆንያ ከመጋዘን እስከ መኪና ከተሸከመ በሥራው ይቀጥላል። ካልቻለ ስሙ ከሠራተኛ መዝገብ ይሰረዛል፣ የሚኖሩበት ክፍልም ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል። የቀራቸው ስድስት ሳምንት ነው። ዓለምሸት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነብባ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አሰረችው። አላለቀሰችም። መንዝ ተወልዳ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ለቡና ለቀማ ብቻዋን እዚህ የወረደች ሴት ናት፤ ሆዷ ቢፈራም ፊቷ አይፈራም።

ጫኞቹ ደመወዝ በያዙ ቁጥር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ፣ ቅርጫ የመግባት ልማድ አላቸው። ከመካከላቸው ታሞ የተነሣ ካለ፣ ሥራ እስኪመለስ ድረስ በየቅርጫው አንድ ሙሉ መደብ፣ ሁለት ኪሎ ያህል ሥጋ፣ ይሰጡትና ከበውት ይቀመጣሉ። መደቡን ከጨረሰ «ድኗል!» ተብሎ ይጨበጨብለታል፤ ካስተረፈ ደግሞ «ገና ነው» ይሉና እያዘኑ ይሄዳሉ። ለፋሲካ ለማቴዎስም እንዲሁ ሆነለት። ላብ እስኪያሰጥመው በላ፣ ጨረሰ፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎደሬ በሻይ።

በሁለተኛው ሳምንት በእርሻው መኪና ተሳፍረው ቁስሉን ሊያሳዩ አማን ክሊኒክ ሄዱ። ቁስል የምታክመው ድሬሰር በየነች ሚዛን ላይ አቆመችው፤ ያው አርባ ስምንት። ቁስሉም አመድ መስሏል።

«ምን ትበላለህ?» አለችው።

«ሥጋ ነዋ! ለፋሲካ ሙሉ መደብ ብቻዬን ነው የጨረስኩት፤» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«ከዚያስ ወዲህ?»

«ጎደሬ በሻይ፤» አለች ዓለምሸት። በየነች የዓለምሸትን እጅ ስባ መዳፏን ዘረጋችው።

«አየሽ እህቴ፣ ሰውነት ለሥጋ ጎተራ የለውም። በአንድ ማዕድ ቁስል ለመጠገን፣ ጡንቻ ለመሥራት የሚያውለው ጣቶችሽን ትተሽ ይህችን መዳፍሽን ቢያክል ነው። ትንሽ ቢበልጥ ቢያንስ ግድ የለም፤ ሁለት ኪሎ ግን አይሆንም። የተረፈው አይጣልም፤ እንደ ማገዶ ይነዳል። ለማገዶማ ጎደሬው መች አነሰ? ይልቅ በየቀኑ፣ ጧት ማታ፣ ትንሽ ትንሽ። ሥጋ ሲጠፋ እንቁላል፣ እንቁላል ሲጠፋ አደንጓሬ።»

ማቴዎስ መንገዱን ሙሉ ሲስቅ መጣ። ወንድ ልጅ በሴት መዳፍ ይለካል እንዴ? ዓለምሸት ግን አልሳቀችም፤ መዳፏን ደጋግማ ታይ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል እየሰማች አድጋለች። የአሥራ አምስት ቀን ሥጋ በአንድ ቀን ሆድ ላይ ሲጫንም ያው ሸክም መሆኑ ታያት።

የሚቀጥለው እሑድ ጫኞቹ መደቡን ይዘው መጡ፤ ከበቡትም። ማቴዎስ ቢላዋውን አነሣ። አንድ ጎረሰ፣ ሁለት ጎረሰ፣ ዓለምሸት በዓይኗ እየለካች ቆየች። መዳፏን ያህል ሲደርስ መጥታ ትሪውን አነሣች፤ ወደ አፉ ያደረሳትን ቁራጭ ሳይቀር ከጣቱ ላይ ወሰደች። የሰው ሁሉ እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«ኧረ ዓለምሸት፣ ምን ነካሽ?» አለ ከፈለኝ። ከፈለኝ የእርሻው ቡና መዛኝ ነው፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው እሱ ነበር።

«ምንም አልነካኝም ጋሽ ከፈለኝ። የዛሬውን በልቷል። ይሄ የነገና የከነገ ወዲያ ነው።»

«አዋረድሽኝ እኮ!» አለ ማቴዎስ።

«ዛሬ እኔ ላዋርድህ። ሰኔ ላይ ዕቃችንን ተሸክመን ስንወጣ ከምንዋረድ ይሻላል።»

ጫኞቹ ሳያጨበጭቡ ተነሥተው ሄዱ። ማቴዎስ ሁለት ቀን አላናገራትም። እሷ ግን የልቧን አድርጋለችና ኩርፊያው ብዙም አላስጨነቃትም፤ ይልቅ ሥጋውን በቀጫጭኑ ዘለዘለች፣ ጨውና በርበሬ ነሰነሰችበት፣ ገመድ ላይ ሰቅላ በአገሯ ልማድ ቋንጣ ሆነ ብላ ተኛች። መንዝ ላይ ቢሆን በሦስተኛው ቀን ይንኮሻኮሽ ነበር። ይሄ ግን ግንቦት የገባበት የቡና ጫካ ነው፤ ጨው እንኳ በዕቃው ውስጥ ውኃ የሚያወጣበት አገር። በሦስተኛው ቀን ሥጋው አረንጓዴ ጠጉር አብቅሎ ጠበቃት።

ያን ጊዜ አለቀሰች። ባሏን ያዋረደችበት ሥጋ ነው፤ ምን ብላ ትመልስ? ጎረቤቷ ሎሚ፣ የሸኮ ተወላጅ ናት፣ ለቅሶ ሰምታ ብትገባ ገመዱን አየችና ሳቀች።

«አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ አገር ፀሐይ ይታመናል? እሳት ነው የሚታመን!» አለችና ከምድጃው አጠገብ ተንጠልጥላ የዳነችውን አንዷን ገመድ አሳየቻት። አብረው ከምድጃው በላይ የእንጨት ርብራብ አበጁ። የተበላሸው ተጣለ፤ የተረፈው በጢስ ደረቀ። ከዚያ ወዲያ በየቅርጫው የመጣው ሥጋ ሁሉ ርብራቡ ላይ ወጣ።

እንዲህ ሆነ ኑሮው። ጧት ከሁለቱ ዶሮዎቿ የተገኘ እንቁላል፣ ቀን አደንጓሬ በጎደሬ፣ ማታ መዳፍ የምታክል ሥጋ፤ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋ ታበስላታለች። ማቴዎስ በመጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ማታ ማታ ምድጃውን ሰረቅ አድርጎ ማየት ጀመረ። በአራተኛው ሳምንት ቁስሉ ቀይ ሥጋ ሞላ። በአምስተኛው ሲባጎውን ከሱሪው ፈታ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄው ነው።

አንድ ነገር ግን ነበር። መደቡ በመዳፍ ሲቆጠር ለአንድ ሰው አሥራ አምስት ቀን ያደርሳል፤ ለሁለት ሰው አያደርስም። ዓለምሸት ይህን በመጀመሪያው ቀን አውቃለች። «አንቺስ?» ሲላት «ጾም ላይ ነኝ» ትለዋለች። ማቴዎስ የጴንጤ ልጅ ነው፤ የኦርቶዶክስ ጾም ብዙ መሆኑን እንጂ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ አያውቅም። «ይሄ ጾማችሁማ አያልቅም» ይልና ይበላል። አደንጓሬውንም እሱ ሳህን ላይ ታበዛዋለች። እሷ ጎደሬዋን በጨው ትበላለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ጧት ወደ ቡና ችግኙ ትወርዳለች።

ሰኔ አሥራ ሦስት ደረሰ። የቢሮ ሰዎች መጋዘኑ በር ላይ ተሰለፉ። ማቴዎስ ጎንበስ አለ፣ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ እግሩ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ጸናች። መኪናው ላይ ሲያራግፈው ጫኞቹ በአንድ ላይ አጨበጨቡ። የቢሮው ሰው ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ ነገሩ አለቀ። ዓለምሸት ከሴቶቹ መሐል ቆማ መቀነቷ ውስጥ ያለችውን ደብዳቤ ዳሰሰቻት።

ከፈለኝ ደስ ብሎት ማቴዎስን ቡና መመዘኛው ላይ አወጣው። «ሃምሳ ሰባት!» ብሎ ጮኸ። «በመዳፍ ተለክቶ ሃምሳ ሰባት! ነይ እስቲ አንቺም፣ የቀማሽውን ሥጋ የት እንዳገባሽው እንይ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም እየሳቀች ወጣች። ከፈለኝ የሚዛኑን ድንጋይ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ገፋው፣ ደግሞ ገፋው፣ ደግሞ ገፋው። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ሠላሳ ዘጠኝ። ዓለምሸት፣ ታመሻል እንዴ?»

«ጾም በዝቶባት ነው፤» አለ ማቴዎስ። «ከፋሲካ ጀምራ አላቋረጠችም እኮ።»

«ከፋሲካ ጀምራ?» ከፈለኝ ዞሮ አየው። «የምን ጾም? በበዓለ ሃምሳ እኮ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም!»

ማቴዎስ ሚስቱን አየ። ዓለምሸት ነጠላዋን አስተካክላ ከሚዛኑ ወረደች።

በሚቀጥለው እሑድ፣ የሐዋርያት ጾም ከመግባቱ በፊት ተብሎ፣ ተራው ሳይደርስ ቅርጫ ሆነ። ጫኞቹ እንደ ድሮው ከበቡ። ማቴዎስ መደቡን ከፊቱ አደረገና ቢላዋ አነሣ፤ በራሱ ሰፊ መዳፍ ለክቶ ቆረጠ። ሁለተኛ ለካ፣ ቆረጠ። ሦስተኛም። ሁሉንም ሰብስቦ በሰው ፊት ሳህኗ ላይ አደረገላት።

«ይሄማ ብዙ ነው፤» አለች ዓለምሸት። «ሰውነት በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ አይጠቀምበትም። የተረፈው ዝም ብሎ ይነዳል።»

«ይንደድ፤» አለ ማቴዎስ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «አንድ ቀን ይንደድ። ብይ።»

በላች።