ሃያ አራት የሽሮ ሸክላ በባለ ሞላ ብስክሌት

ከስሜና ከፈተና መልስ በስተቀር ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው በበዛበት አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። ግን አሁን መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ “ብስክሌቱን እንዴት መረጥሽው? ማን ሠራልሽ?” ይለኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ብጽፈው ይቀለኛል። የሰፈራችን መምህር ስልኩ ላይ ባለው ገጽ አወጣዋለሁ ብሎኛል፤ ፊደል የሳትኩበትንም እሱ ያቃናል።

ኀሙስ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዱቦ

ሌሊቱን ዘንቧል። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወደ ሚኒባሱ እወርዳለሁ። በጉያዬ የሁለት ዓመት ቁጠባ አለ። እናቴ የተቀቀለ ጎደሬና ዳጣ በፌስታል ቋጥራልኛለች።

እኛ ሸክላ ሠሪዎች ነን። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሸክላ በጀርባዋ አዝላ ገበያ ወጥታለች። ዘንድሮ ወገቧ እምቢ አለ። ሶዶ ላይ ምግብ ቤት ያላት እትዬ አስቴር ዋና ደንበኛችን ናት፤ ሽሮ የሚቀርብባቸውን ትንንሽ ሸክላዎች ሃያ አራት ሃያ አራት እያለች ትወስዳለች። ባለፈው በሚኒባስ ጣሪያ ጭኜ ላክሁላት፤ ዘጠኙ ተሰብሮ ደረሰ። ደውላ “እኔ ስብርባሪ አልገዛም። የዚህ ቅዳሜውም እንዲህ ከሆነ በብረት ድስት አቀርባለሁ” አለችኝ። እሷ ከተወችን ቤታችን በምን እንደሚውል አላውቅም።

አንድ ቀን ሶዶ ውስጥ በፊትም በኋላም ሞላ ባለው ብስክሌት የተቆፈረ አስፋልት የሚሻገር ሰው አይቼ ነበር። ጎማው ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ሰውየው ግን ቤቱ እንዳለ ሰው ተቀምጧል። ሸክላም እንደዚያ መቀመጥ ይችላል ብዬ አሰብኩ። ብስክሌት መንዳት በልጅነቴ በወንድሜ ብስክሌት ተምሬያለሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ሶዶ

ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሷል። ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ይሽቀዳደማሉ። ከገበያው ጀርባ ያገለገሉ ብስክሌቶች የሚሸጥ ሰውዬ አለ። ባለ ሁለት ሞላ ሦስት ነበረው። ወዲያው ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሞላው እንደ ክንዴ የወፈረ አንዱን ጎተተልኝ።

“ይሄ ለቆንጆ ነው የተሠራው፣ እህቴ።”

ኮርቻውን በሁለት እጄ፣ ቀጥሎ በደረቴ ተጫንኩት። ንቅንቅ አላለም። ሞላው ለመታየት ብቻ ነው የተቀመጠው። ሁለተኛው ወረደ፣ ግን የኋላ ጎማውን ይዤ ወደ ጎን ስወዘውዘው ጎማውን የያዘው የብረት ክንድ ከዋናው አካል ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ቋ ቋ አለ። ሦስተኛው ቀለሙ የተላጠ ሰማያዊ ነው። ተጫንኩት፣ ወረደ፤ ለቀቅኩት፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ወዘወዝኩት፣ ድምፅ የለውም። የፊት ጎማውን የያዘው ባለ ሞላ ሹካም በእርጋታ ይገባል፣ በእርጋታ ይወጣል።

“ይሄን ነው የምፈልገው” አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

“ይሄንን? ይሄ እኮ የሽማግሌ ነው!”

“ይሁን።”

አሥራ አምስት ሺህ ብር አለ፣ በአሥራ አራት ተስማማን። የረባ ክርክር አላውቅበትም፤ ዝም ብዬ ስቆም ሰውዬው ራሱ ቀነሰው።

አምስት ሰዓት፣ ጋሽ ዳና ዘንድ

ጋሽ ዳና ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ከቤቱ ፊት ጉዞ የሚጠብቁ ባጃጅ ነጂዎች ተደርድረው ይቀመጣሉ። “ሳሮ” ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ ዕቃ መጫኛ እንዲያስርልኝ ነገርኩት። ሶዶ ውስጥ ብስክሌት ሁሉ እንደሚታሰርለት አሰረልኝ፤ የመጫኛው እግሮች ታች የኋላ ጎማው መሐል ላይ በብሎን ተያዙ። ጠንካራ ነው። ነገሩ ግን አልተዋጠልኝም።

ሃያ አራት ሸክላ ምን ያህል እንደሚከብድ ጀርባዬ ያውቃል። ያንን ያህል ድንጋይ በጆንያ ሞልቼ መጫኛው ላይ አሰርኩ። ሞላውን አየሁ፣ የወረደ አልመሰለኝም። ለጋሽ ዳና ልነግረው አፌን ከፈትኩና ነጂዎቹ ሲያዩኝ ዘጋሁት።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከመንገዱ ዳር ጭቃ አነሳሁ። አሸዋውን በጣቴ እየለቀምኩ አሸሁት፣ እንደ ቅቤ ሲለሰልስ ከሞላው መሐል ባለው ዘንግ ላይ በስሱ ቀባሁት።

“ጋሽ ዳና፣ ብስክሌቱን ልትለስንልህ ነው!” አለ አንዱ ነጂ።

“ቆይ፣ መስኮትም ታወጣለት ይሆናል” አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ። ፊቴ ጋለ፣ ግን እጄን አላነሳሁም።

ጆንያውን አውርጄ መልሼ ጫንኩት። ጭቃው እንደተቀባ ነው፣ አልተነካም። ጆንያውን አወረድኩና እኔ ኮርቻው ላይ ተቀመጥኩ። ስወርድ ጭቃው አንድ ጣት ያህል ተጠርጓል።

“ጋሼ” አልኩ፣ “እኔ ሞላው ላይ ነኝ። ዕቃው ግን ጎማው ላይ ነው።”

“ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ” አለኝ የብሎን መፍቻውን ሳያስቀምጥ። “መጫኛ ከዚህ ሌላ ቦታ ታስሮ አይቼ አላውቅም።”

“ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሸክላውም አብሮ ይመታል። ጭቃውን እየው።”

ተንበረከከ። ጆንያውን ራሱ ጫነ፣ ራሱ አወረደ። ዘንጉን አየ። “ሞላ የሌለው ብስክሌት አስለምዶኝ ነው” አለና ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ።

ጎረቤቱ ብየዳ ቤት ሄድን። መጫኛው አሁን ከዋናው አካል፣ ከኮርቻው ሥር ካለው ቱቦ ላይ በሁለት ብረት ተደግፎ ተበየደ። ታች ጎማውን የሚነካ ነገር የለውም። ጆንያውን ጭነን፣ እኔ ተቀምጬ ስንሞክረው ሞላው እስከ መጨረሻው ገባ፤ በጣም ላላ።

“ጥርቅም አድርጌ ላጥብቀው?” አለ ጋሽ ዳና።

“አይ። ጥርቅም ካለ እንደዚያ ቀይ ብስክሌት ይሆናል።”

የሞላውን ቀለበት ትንሽ ያዞራል፣ እኔ ጭቃ እቀባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንለካለን። የዘንጉ ርዝመት ሦስት ጣት ነው። ከነጭነቱ ስቀመጥ አንድ ጣት ገብቶ ሁለት ጣት ሲተርፍ “ይበቃል” አልኩ። የሚተርፈው ለድንጋዩ ነው። የገባው ደግሞ ለጉድጓዱ ነው፤ ጎማው ወደ ታች ሲወርድ ሞላው ይከተለዋል። የፊቱን ሹካም እንደዚሁ አደረግን። የጎማውንም ነፋስ በአውራ ጣቴ ስጫነው ትንሽ እስኪሰጥ ቀነስኩለት። በመጨረሻ ዘንጉን በጨርቅ አጸዳሁት፤ ጭቃ ከተተወ ይበላዋል።

ስሄድ ያ ነጂ “መሐንዲስ፣ ሰላም ግቢ!” አለኝ። መሳለቁ ይሁን እውነቱን አላወቅኩም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ቤት

እናቴ ብስክሌቱን ዞራ ዞራ አየችው፣ ኮርቻውን ተጫነችው።

“እንደ እንቁራሪት ይዘላል!”

“አይዘልም እማዬ፣ ይቀበላል።”

“ሸክላ ጀርባ ላይ ሲሆን ጀርባ ራሱ ይጠነቀቃል። ብረት ምን ያውቃል?” አለች። እንዲህ ትበል እንጂ እስኪመሽ ድረስ ሸክላዎቹን በደረቅ የእንሰት ቅጠል የጠቀለለችው እሷው ናት። በሁለት ቅርጫት አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አድርገን በተቆረጠ የጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ አሰርናቸው።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጎርፍ የበላው ድንጋይ ነው። ቀሚሴን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ጎማው ከበታቼ ሲታገል ይሰማኛል። ድንጋይ ሲመጣ ከኮርቻው ብድግ እላለሁ፣ ሞላው ደግሞ ለቅርጫቶቹ ሥራውን ይሠራል። ውሃ ቀጂ ሴቶች ቆመው አዩኝ። አንዷ “ሴትዮ፣ ምን ጭነሽ ነው እንዲህ የምትንሳፈፊው?” አለች። ዓይኔን ከመንገዱ መንቀል አልቻልኩም።

አስፋልቱ ጋ ልደርስ ስል ሣር የሸፈነው ቦይ ውስጥ ገባሁ። ጎማው ወረደ፣ ወጣ፣ ከኋላዬ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቆምኩ። ቅርጫቱን ልፍታው? ከፈታሁት እናቴ እንዳሰረችው መልሼ ማሰር አልችልም። እጄን ቅጠሉ ላይ አሳርፌ መልሼ አነሳሁት። የተሰበረ ካለ እዚህ ባየው አይጠገንም። ጉዞዬን ቀጠልኩ።

ዳገቱ ላይ ከብስክሌቱ ወርጄ ገፋሁት። አንድ አይሱዙ ጥሩምባ ነፍቶ ሲያልፍ የፊቴን ላብ በነፋሱ አደረቀልኝ። ከሶዶ በፊት ያለውን የመጨረሻ ዳገት ድንጋይ እየቆጠርኩ ወጣሁ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ምግብ ቤቱ በር

እትዬ አስቴር በእጇ ሽንኩርት እንደያዘች ወጣች። “አመጣሽ? እስቲ አውጪው።”

በረንዳው ላይ አንድ በአንድ ከቅጠሉ ፈታሁ። እያነሳች በጥፍሯ ትመታለች፣ ሸክላው “ቅን” ይላል፣ ታስቀምጠዋለች። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ። ሃያ አንደኛውን እኔው ሳነሳ ጆሮው እጄ ላይ ቀረ። ቅርጫቱ ውስጥ መልሼ ልደብቀው እችል ነበር።

“ይሄ ተሰብሯል፣ እትዬ” አልኩ።

የቀሩትን ሦስቱን መታች። ሁሉም ደህና ናቸው። ጆሮ የሌለውን ተቀብላ አገላበጠችው።

“አንድ ብቻ? ከዱቦ? በምን መኪና ነው?” አለች። ወደ ውስጥ ዞራም “ለሹፌሩ ምሳ አውጡለት!” ብላ ተጣራች።

“ሹፌር የለም። በዚህ ነው” አልኳት፣ ወደ ሰማያዊው ብስክሌት እያመለከትኩ። “እኔው ነኝ።”

ብስክሌቱን አየችው። ጭቃ የሆነውን ሱሪዬን አየች። እኛ ሸክላ ሠሪዎች ዕቃችንን አስረክበን ሒሳባችንን በር ላይ ተቀብለን እንመለሳለን። በዚህች ከተማ ማንም ግቡ ብሎን አያውቅም፣ እኛም ገብተን አናውቅም። ስለዚህ በረንዳው ላይ እንደቆምኩ ቅጠሉን እለቃቅም ጀመር።

“ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? ግቢና ብዪ እንጂ! ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ክዳን ያላቸውን ነው የምፈልገው።”