በትርንጎ ባኞ ቤት ቀዝቃዛው ያቃጠለ ጊዜ

ከደሴ ወደ መቀሌ የሚወጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ቆቦ ሲገቡ ከምሳ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ «ትርንጎ ዛሬ ውሃ አላት?» በቆቦ ሙቀት ሙቅ ውሃ ምን ያደርጋል የሚል ሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ ያደረ ሰው ወገቡ ምን እንደሚል አያውቅም።

እኔ በዚያ በደርግ ዘመን ከግቢዋ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ባሏ ከሞተ በኋላ ጠጅ ቤት ክፈቺ ያሏትን ሁሉ፣ «ሰክሮ የወጣ ይሳደባል፣ ታጥቦ የወጣ ይመርቃል» ብላ መልሳ፣ ከጓሮዋ ሁለት የመታጠቢያ ክፍሎች አሠራች። ከክፍሎቹ ኋላ በድንጋይ ካብ ላይ ሁለት በርሜሎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ከሥሩ እሳት ይነድበታል፤ ሁለተኛው ከቦኖ በአህያ በተቀዳ ውሃ ይሞላል። ከየበርሜሉ አንድ አንድ ቧንቧ ወርዶ ወደ ሁለቱም ክፍሎች ይገባል። እሳቱን የምታነድደውና በርሜሉን የምታስሞላው ሀጀራ ነበረች፤ አፏም እንደ እሳቷ የማይበርድ።

በየክፍሉ ሁለት መክፈቻ አለ፤ የሙቁና የቀዝቃዛው። ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ውሃው ከላይ ይወርዳል። ችግሩ ሰዉ ነበር። ታጣቢው ሙቁን ጥቂት፣ ቀዝቃዛውን ጥቂት እያለ ልኩን ካገኘ በኋላ፣ ሳሙና ሲመታ ለመዝጋት ይሳሳል። መልሶ ልኩን ከሚፈልግ ውሃው ዝም ብሎ ቢፈስ ይመርጣል። ውሃ በአህያ ጀርባ በሚመጣበት አገር ይኼ ግፍ ነው። ስለዚህ ትርንጎ ከዋጃ ታሂር የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ አስመጥታ፣ ከላይ ከመውረጃው ላይ ሦስተኛ መዝጊያ አስገጠመች። ከዚያ ወዲያ ታጣቢው ሁለቱን እንዳሉ ይተውና የላይኛውን ብቻ ዘግቶ ይታሻል። ሲጨርስ ይከፍታል፤ ልኩ አይጠፋም። መንገደኛው ሁሉ ወደደላት።

ታዲያ አንድ ቀን ከአውራጃ የመጣ የቀበሌው እንግዳ፣ አንደኛው ክፍል ሰው ስለነበረበት ሁለተኛው ክፍል ገባ። ውሃው ሞቅ ሲልበት ሙቁን ዘግቶ ቀዝቃዛውን እስከ ዳር ከፈተ። ከቀዝቃዛው መክፈቻ የፈላ ውሃ ወረደበት። ጀርባው ቀልቶ፣ ፎጣውን አሸርጦ እየዘለለ ወጣ። ሀጀራ በማግስቱም ስታወራው ሳቋ አልበረደም ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከበደ ግን አልሳቀም። ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ።

«ይህ አሻጥር ነው» አለ። «ሆን ተብሎ ቧንቧ ተቀያይሯል። የገጠመው ማነው?»

«ቤቱ የእኔ፣ እሳቱ የእኔ። እኔን ጠይቀኝ» አለች ትርንጎ።

«ቧንቧ ሠራተኛ ነሽ?»

«አንተስ ሊቀመንበር ሆነህ ተወለድክ? እናትህ በዚህ በር በጨርቅ አዝላህ ስታልፍ አውቅሃለሁ።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። ከበደ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ ከሰዓት እመለሳለሁ። ወይ ስሙን ትሰጪኛለሽ፣ ወይ ቁልፉን።»

በዚያን ጊዜ የሰው ስም ቀበሌ ከገባ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ታሂር ሲገጥም ግማሹ መንደር አይቶታል፤ ከመንደሩም አንድ ሰው አፉን አልከፈተም።

ትርንጎ በማግስቱ ማለዳ ከሀጀራ ጋር ቧንቧዎቹን ከበርሜሉ ጀምራ በእጇ እየዳሰሰች ተከተለች። ሙቁ ሙቅ ነው፣ ቀዝቃዛው ቀዝቃዛ። የተቀያየረ ነገር የለም። ሁለተኛው ክፍል ገብታ ቀዝቃዛውን ብትከፍተው እንደ ምንጭ ውሃ ቀዘቀዘ።

«ጂን ነው» አለች ሀጀራ።

«ጂን ቢሆን ከበደን ነበር የሚያቃጥለው።»

ረፋድ ላይ አንድ ሾፌር መጥቶ አንደኛው ክፍል ገባ። ትርንጎ በሁለተኛው ክፍል እጇን ከቀዝቃዛው ሥር አድርጋ ቆመች። ቀዘቀዘ። ቆይቶ አቃጠላት። እጇን ነጠቀች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀዘቀዘ። ሀጀራ ከውጭ ሆና ታዳምጥ ነበር።

«እትዬ፣ ወላሂ ልንገርሽ፤ ሰውየው ሲዘፍን ነው የሚያቃጥለው።»

«ምን?»

«ሲዘፍን ይሞቃል፣ ዝም ሲል ይቀዘቅዛል። አዳምጪ።»

እውነቷን ነበር። ሾፌሩ ውሃ ሲወርድበት አፉን ይይዛል፤ ሳሙና ሲመታ ይዘፍናል። ሳሙና ሲመታ ደግሞ የላይኛው መዝጊያ ዝግ ነው፤ ሁለቱ መክፈቻዎች ግን ክፍት ናቸው። ትርንጎ ካቡን ቀና ብላ አየችው። የቀዝቃዛው በርሜል ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፤ የሙቁ ሞልቶ ይከርማል። መውረጃው የተዘጋበት ሙቅ ውሃ፣ የሞላው የጎደለውን ስለሚገፋ፣ በአንደኛው ክፍል በኩል ወደ ቀዝቃዛው ቧንቧ ይሻገራል፤ ከዚያ በጎረቤት ክፍል ቀዝቃዛውን በከፈተ ሰው ላይ ይወርዳል። አሻጥረኛው ቁጠባዋ ነበር።

ከበደ ከሰዓት ሲመጣ ነገሩን አልደበቀችውም። ወደ ሁለተኛው ክፍል አስገባችው፤ እጁን ከቀዝቃዛው ሥር አስያዘችው። አንደኛው ክፍል ሀጀራ ገብታ የላይኛውን ዘጋች። ከበደ እጁን ሰብስቦ አራገፈ።

«ገባኝ» አለ። እውነትም ገብቶታል፤ ሞኝ ሰው አልነበረም። «እንግዲያው ያንን ሦስተኛ መዝጊያ የገጠመው ሰው ነው ጥፋተኛው።»

«አዝዤ ነው የገጠመው። ጻፍ፤ ትርንጎ አዘዘች በል።»

«ለአውራጃው የሰው ስም ማቅረብ አለብኝ፣ እትዬ።» ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ስም አለኝ። የእኔን አቅርብ።»

«ቁልፉንስ?»

«ቁልፉን የምሰጠው ውሃ በአህያ ላመጣልኝ ሰው ነው። አንተ ጭነህ ታውቃለህ?»

ያን ዕለት ወሰዷት። ባኞ ቤቱን በቀበሌው ቁልፍ ዘጉት፤ የእሷን ቁልፍ ግን ከአንገቷ አላወለቀችም። ቀበሌ ውስጥ በየጊዜው ማነው ይሏታል፤ በየጊዜው «ትርንጎ» ትላለች። ሾፌሮቹ አቧራቸውን እንደተሸከሙ እየተነጫነጩ ወደ አላማጣ ያልፋሉ። ሀጀራ ምግብ ታመላልሳለች፤ ለጠባቂዎቹም፣ «እናንተም እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነበር የምትታጠቡት፤ ሸተታችሁ» ትላቸዋለች።

በገበያ ቀን ትርንጎ ከጠባቂው ጋር ቀበሌው በር ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ታሂር ከዋጃ መጣ። ወሬው ደርሶት ራሱን ሊሰጥ ነበር። ኩታውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ወደ ጠባቂው ሲራመድ አየችው።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ገና ከሩቅ፣ «ያን የሻገተ ማሽላ ዳግመኛ ልትሸጥልኝ ነው? እስር ቤት እንኳ በሰላም አታስቀምጠኝም?»

ታሂር ቆመ። «እትዬ፣ እኔ እኮ የመጣሁት...»

«የመጣህበትን አውቃለሁ። አልፈልግም። ማሽላህን ለሌላ ሂድና ሽጥ። ልጆች የሉህም? ወደ ልጆችህ ሂድ።»

ጠባቂው ሳቀ። «ሂድ አንተ፤ ይቺን ሴት አትነካካት፤ እኛም አልቻልናት።»

ታሂር ዓይኑን ጠርጎ ወደ ገበያው ገባ።

አውራጃው ሌላ ጉዳይ መጣበትና የእንግዳውን ጀርባ ረሳው። ከበደ ሲፈታት፣ «ሁለተኛ እንዲህ ላላደርግ ብለሽ ፈርሚ» አላት።

«ምን ላላደርግ? ውሃ ላልቆጥብ ወይስ ሰው አልሸጥም ላልል?»

ሳትፈርም ወጣች። ከበደም አልተከተላትም።

በዚያው ቀን ሦስተኛዎቹን መዝጊያዎች በመፍቻ ራሷ ፈታች፤ ሠራተኛ አልጠራችም። እሳት ነደደ፤ አህዮቹ ከቦኖ መጡ። ከዚያ ወዲህ ታጣቢ ሁሉ ሳሙና ሲመታ ሁለቱንም መክፈቻ እንዲዘጋ ደነገገች። ውሃው ሲፈስ ዘፈን ከሰማች ሾፌርም ይሁን መኮንን በሩን በመዳፏ ትደልቃለች።

«ሁለቱንም ዝጋ» ትላለች። «ልኩን እንደገና ትፈልገዋለህ፤ እጅ አለህ።»